ትራሱ ውስጥ የደበቅሽልኝ ግማሽ

ለእናትም ለእህትም ለሆንሽኝ፣ ለውዷ እትዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? እንዴት ከረምሽ? ወገብሽ እንዴት ነው? ዓይንሽስ? መርፌ የሚይዙት ጣቶችሽስ? ሁሉንም በየስማቸው እየጠራሁ ሰላም ብያቸዋለሁ። ጨጓራሽን ግን ለብቻው ነው የምጠይቀው፤ ከእሱ ጋር ረዘም ያለ ጉዳይ ስላለኝ ወደ መሐል አቆይቼዋለሁ። ባለቤትሽ ጋሼስ እንዴት ነው? አሁንም እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ እርሳሴን ማን ወሰደው እያለ የእንጨት ሥራ ቤቱን ያምሳል? ልጅሽ ሚጣስ? ዓይንሽ እንዳይደክም ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ እሷ ስለሆነች አንድ ነገር ላስጠንቅቃት። ሚጣዬ፣ የዛሬውን እንደተጻፈ አንብቢ። የሚያስለቅስ ቦታ ስትደርሺ እንደ ልማድሽ ዘለሽ ብታልፊ ጆሮሽን እዚህ ሆኜ ነው የምቆነጥጠው።

እኔ ደህና ነኝ። ይህንን እንደ አንቺ ደህና ነኝ አትቁጠሪው። አንቺ ትኩሳት ቢኖርሽም፣ ጥርስሽን ቢያምሽም፣ ጣራው እላይሽ ላይ ቢያፈስም ደህና ነኝ ነው መልስሽ። የእኔ ግን ሐኪም የመሰከረለት ነው፤ እንዴት እንደመሰከረለት ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

ይህን ሁሉ በስልክ መናገር አቅቶኝ አይደለም። አንቺ ስልክ ላይ ሰው አታስጨርሺም። ገና ጨጓራሽ እንዴት ነው ስል፣ ደህና ነው፣ ሂሳብህን አትጨርስ፣ በል ቻው ብለሽ ጆሮዬ ላይ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። ብትጠይው ትራስ ሥር ትከቺዋለሽ፤ እዚያም ሆኖ ይናገራል። ትራስ ውስጥ የገባ ነገር ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ ደግሞ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችሁ በደህና ገብታለች። ከሥራ ስወጣ ከምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ከላውንደሪው በር ላይ ቆማ፣ የላክሽልኝን ትራስ እንደ ሕፃን ታቅፋ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። እባክህ አደራዬን ተቀበለኝ፣ መንገዱን ሙሉ ሰው ሲስቅብኝ ነው የመጣሁት፣ ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ሰው ትራስ ይዞ ይጓዛል ወይ እያሉ አለችኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እዚያው በሩ ላይ አፍንጫዬን ቀበርኩበት። ጥጡ ይሸታል፤ የስፌት መኪናሽ ዘይት ይሸታል፤ ጨርቁ የድሮው ሰማያዊ መጋረጃችን መሆኑን ዓይኔን ጨፍኜም አወቅሁት። ልብስ ሰፊዋ እኔን ላለማየት ሰማዩን ታይ ጀመር።

እኔ አሁንም እዚያው የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ነኝ። ጎህ ሲቀድ እንገባለን። እንፋሎቱ ወለሉን ሞልቶ ሰው ከወገቡ በታች አይታይም፤ ባልደረቦቼ በደመና ላይ የሚሄዱ ይመስለኛል። እኔና አንዲት ባለመነጽር ሴት፣ አጣፊዋ፣ አንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዘን ወደ መተኮሻው ማሽን እንሰጠዋለን፤ እርጥቡ ይገባል፣ ነጩና ትኩሱ ይወጣል። አንዳንዴ አንሶላው አየር ሲይዝ ይነፋና በመካከላችን ከፍ ይላል፤ ያኔ እጄ እየሠራ እኔ በሐሳብ አንቺ ዘንድ እሄዳለሁ። አንቺ እዚያ ትራስ ትሰፊያለሽ፣ እኔ እዚህ አንሶላ እተኩሳለሁ፤ ሰው ሁሉ በእኛ ላይ ተንጋሎ ያድራል፤ ለእኛ ግን እንቅልፍ እያነከሰ ነው የሚመጣልን። አጣፊዋ ይህን ስነግራት ስቃ መነጽሯ በእንፋሎት ተሸፈነ።

ትራስሽ ከመጣ ወዲህ ግን እንቅልፉ ማነከሱን ተወ። ከሰዓት በኋላ ከሥራ መጥቼ ጋደም እላለሁ፤ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ እግሬ ላይ ትተኛለች፤ ጭንቅላቴን ሳሳርፍ ትራሱ ኮሽ ይላል። መጀመሪያ ጥጡ ነው ብዬ ተውኩት። ያቺ ኮሽታ ግን ሕልሜ ውስጥ ተከትላኝ ትገባለች። አንድ ቀን የልጅነት ቤታችን ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያ ሆነች። ሌላ ቀን እናታችን ከገበያ ተመልሳ የስኳሩን ወረቀት ስትፈታ ሆነች፤ እኔና አንቺ አፋችንን ከፍተን እንጠብቃለን። አንድ ጊዜ ደግሞ አንቺ ጆሮዬ ሥር ተቀምጠሽ አንዳች ነገር እየቆጠርሽ፣ ያንተ፣ የኔ፣ ያንተ፣ የኔ ትያለሽ። ከዚያ ሕልም ስነቃ ጉንጬ ርሶ ነበር። አየሽ፣ ሰው ትራስ ላይ ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ ትራስ ሰውን ሲያስለቅስ ግን ገና በእኔ አየሁ።

በመጨረሻ ይህ ጥጥ አይደለም ብዬ ትንሿን መቀስ አነሳሁና ስፌትሽን ፈታሁ። ፈጣሪ ይይልሽ፣ እንዴት አጥብቀሽ ነው የሰፋሽው! ከጥጡ መሐል የእናታችን መሀረብ ወጣ፤ መሀረቡ ውስጥ በሚያብረቀርቅ የብር ወረቀት የታሸጉ ኪኒኖች፣ ነጩም ሁለት ቀለሙም፣ በሥርዓት ተደርድረዋል። ዳር ላይ በሚጣ እጅ ጽሑፍ የጨጓራ መድኃኒት፣ ያንተ ግማሽ የሚል ብጣሽ ወረቀት ተሰክቷል። አልጋዬ ላይ ጥጥ በጥጥ ሆኜ ተቀመጥኩ።

የዚያኑ ዕለት ደወልኩልሽና የነገርሽኝን ላስታውስሽ፤ አላልኩም እንዳትይ። ጨጓራሽን ሲያቃጥልሽ ሐኪም ቤት ሄድሽ፤ የጨጓራ ባክቴሪያ ነው፣ እነዚህን ኪኒኖች አሥራ አራት ቀን ጠዋትና ማታ ውሰጂ ተባልሽ። ሰባቱን ቀን ስትወስጂ ማቃጠሉ ጠፋ፣ ምግብ ጣመሽ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ። ታዲያ ለዳነ ሆድ መድኃኒት ምን ይሠራል አልሽና የቀረውን ለኔ አስቀመጥሽ፤ ባለፈው ፎቶ ላይ ከስቼ ስላየሽኝና እኔም ደረቴን ያቃጥለኛል ብዬ ስለጻፍኩልሽ። ጋሼ እንዳይቆጣ፣ ልብስ ሰፊዋም መድኃኒት አልይዝም እንዳትል ትራስ ሰፋሽበት። ይህን ሁሉ ስትነግሪኝ ድምፅሽ እንደ ሙሽራ ደስ ብሎት ነበር። እኔም ተባረኪ ብዬ ዘጋሁ።

የምትገርሚ ነሽ እኮ! እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያልተገመሰ ነገር ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ዳቦውን ትገምሺውና ትልቁን ለኔ። ሳሙናውን በክር ትቆርጪዋለሽ። አንዷን እርሳስ በቢላ ለሁለት ከፍለሽ ሁለቱንም ቀርጸሽ ትምህርት ቤት የሄድነውን አትረሺውም፤ የእኔ ላጲስ ያለው ነበር፣ ያንቺ ስትሳሳቺ በምራቅ ነበር የምታጠፊው። ብርቱካን ሰጥተውሽ ግማሹን አስቀምጠሽልኝ፣ እኔ እስክመጣ ደርቆ እንደ ቆዳ ሆኖ ጠበቀኝ። በላሁት ደግሞ። ከዚያ ወዲህ ያን የመሰለ ብርቱካን አልቀመስኩም። አሁን ደግሞ መዳንሽን ገምሰሽ ላክሽልኝ።

በማግሥቱ ነገሩን በእረፍት ሰዓት ለባልደረቦቼ ባነሳው ላውንደሪው ሸንጎ ሆነ። አጣቢያችን ነጎድጓድ ነው፤ ይህን ስም ያወጣንለት ሆዱ ሲያጉረመርም ከማሽኑ ድምፅ በላይ ስለሚሰማ ነው። ሰባት ቀን በቂ ነው፣ እኔም ባገሬ ሐኪም ሰባት ቀን ነው የሰጠኝ፣ እህትህ ትክክል ናት ብሎ ጠረጴዛውን መታ። አጣፊዋ በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየችውና ታዲያ ይህ የሚያጉረመርመው የማን ሆድ ነው አለችው። የእሷ አሥራ አራት ቀን ነበር። አፏ ውስጥ ሳንቲም የያዘች እስኪመስላት መረራት፣ ሆዷም ታወከ፣ ግን ጨረሰችው፤ ከወር በኋላ ብትመረመር ምንም የለም። አንሶላውን የሚያመላልሰው የመኪናው ሾፌር ደግሞ የእኔ አሥር ቀን ነበር ብሎ ገባበት። ሦስት ሰው፣ ሦስት ዓይነት ቀን። ነጎድጓድ ለመመለስ አፉን ሲከፍት ሆዱ ቀድሞት መለሰ፤ ሳቅን፣ ስቀን ሞትን።

እኔ ግን ልቤ አልሳቀም፤ መሀረቡን ይዤ ከሥራ በኋላ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ፋርማሲስቷ ድምፅዋ የደከመ፣ ዓይኗ ግን የሚያዳምጥ ሴት ናት። የትራሱን ነገር ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ። የቀኑ ነገር ሐኪሞችንም ለዓመታት ያከራከረ ነው። በሽተኞችን በቡድን ከፍለው ለአንዱ አጭሩን፣ ለሌላው ረጅሙን ሰጥተው፣ ከጨረሱ በኋላ ባክቴሪያው በማን ሆድ ውስጥ እንደቀረ አመሳክረዋል። በሰባት ቀን የዳነ የለም ማለት አይደለም፤ የዳነ አለ። ግን ሳይድን የሚቀረው በረጅሙ ያንሳል፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እየለመደው ስለመጣም አሁን ብዙ ሐኪሞች አሥራ አራቱን ያዛሉ። ረጅሙ ይመርራል፣ ያሰለቻል፣ ሆድንም ሊያውክ ይችላል፤ የሚያዙት ሰው ለማስቸገር ግን አይደለም። ስለ እህትህ ስታስብ ሰባት ይሻላል አሥራ አራት እያልክ አትከራከር፣ ረጅሙ ታዝዞላት መሐል ላይ መተዉ ነው የከፋው አለች። አንድ ሰው ይዳንበት የተባለውን ለሁለት ስትካፈሉት ደግሞ ሁለት ግማሽ ጤነኛ አይገኝም፤ ሁለት በሽተኛና አንድ ብልጥ የሆነ ባክቴሪያ ነው የሚገኘው አለችኝ።

እትዬ፣ እኔ ይህ የገባኝ በማግሥቱ ማሽኑ ፊት ቆሜ ነው። ከሆስፒታል የሚመጣ የደም እድፍ ያለበት አንሶላ አለ። እሱ የሚታጠበው በረጅሙ እጥበት ነው። ሥራ ሲበዛና ጥድፊያ ሲሆን በአጭሩ ብታወጪው፣ እርጥብ ሆኖ ሳለ ንጹሕ ይመስልሻል፤ እድፉ የለም ብለሽ ትምያለሽ። ካውያው ሲያርፍበት ግን ቡናማ ሆኖ ብቅ ይላል። ከዚያ በኋላ በረኪናም አይነካው፤ ሙቀቱ አጽንቶታል። ለዚህ ነው ነጎድጓድ ረጅሙ እጥበት ሳያልቅ ማሽኑን የሚከፍት ሰው ካየ የሚጮኸው። ይህንኑ ስነግረው በአንሶላ የማላደርገውን በሆዴ አደረግሁ ማለት ነው አለ። በኋላ እንደሰማሁት ዳግመኛ ሊመረመር ቀጠሮ ይዟል። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ለካ ለሆድም ይሠራል።

ሕመሙ ጠፋ ማለት እርጥብ አንሶላ ነው እትዬ። እድፉ የት እንዳለ ገና አናውቅም።

አሁን ሚጣዬ ልትዘልይው የምትፈልጊው ቦታ ላይ ደርሰናል፤ አንብቢ። እናታችንም እንዲሁ ነበረች። ጡጫዋን ከደረቷ ሥር ተጭና ደህና ነኝ ትላለች፤ ትንሽ ሲሻላት መድኃኒቷን ሆዴን አለኝ ላለ ጎረቤት ሁሉ ታድላለች። ያን ደም ያስመለሳት ቀን ሳህኑን የያዝሽው አንቺ ነበርሽ። እኔን ትከሻዬን ይዘሽ ወደ ግድግዳው አዞርሽኝና ዞረህ እንዳታይ አልሽኝ። አላየሁም። ያየሁት ግድግዳውን ብቻ ነው፤ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ የሚወርድ ስንጥቅ ነበረበት፣ ወንዝ ይመስል ነበር፤ ዓይኔን በዚያ ወንዝ ላይ እያንሳፈፍኩ ድምፅሽን አዳምጥ ነበር። ዛሬም አንሶላው በእኔና በአጣፊዋ መካከል ሲነፋ ያ ግድግዳ ይታየኛል። ኮሽታዋ በትራሴ ውስጥ ስትነግረኝ የከረመችው ይህንን መሰለኝ። እፈራለሁ እትዬ። እባብ ያየ በልጥ በረየ በይኝ፣ ግድ የለኝም። ሁሉን ነገር ሆድ ይፍጀው ትያለሽ፤ አንድ ሆድ ስንቱን ይፍጅ? እንደ ወንድምሽ አይደለም፣ እንዳሳደግሽው ልጅ ነው የምለምንሽ፤ አንቺን ላጣ አልችልም።

የእኔን ጨጓራ ነገር ደግሞ ስሚና ሳቂ፣ ወይም ተናደጂ። ፋርማሲስቷ አንተስ ተመርምረሃል ብትለኝ አይ አልኩ። ሄድኩ። ፈሳሽ አጠጡኝና ቆይተው በቱቦ እፍ በል አሉኝ፤ እፍ አልኩ። ውጤቱ መጣ፤ ምንም ባክቴሪያ የለብህም። ሐኪሙ አበላሌን ጠየቀኝና፣ በእረፍት ሰዓት ቆሜ ዳቦውን በትኩስ ሻይ ሳላላምጥ እንደምውጠው ስነግረው፣ እንግዲያው ተቀምጠህ ብላ ብሎ ሸኘኝ። አየሽ? የሌለብኝን በሽታ ልታድኚልኝ ያለብሽን በሽታ ግማሽ ላይ ተውሽው። ነገሩ ግማሽ ልጩ ግማሽ ጎፈሬ ሆኖ ቀረ። ከሐኪም ቤቱ ወጥቼ መንገድ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ሰው ያልፋል፣ ቅጠል ይወድቃል፤ እኔ በጤናዬ አዝኜ የተቀመጥኩ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊልኝ። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ማግሥት ወደ ሐኪምሽ ተመለሺ። እውነቱን ሳትሸርፊ ንገሪው፤ ሰባት ቀን ወሰድኩ፣ የቀረውን ለወንድሜ ላክሁት በይ። ይስቅብሽ ይሆናል፤ ይሳቅ፤ ተስቆብሽ ዳኚልኝ። ኪኒኖቹን መልሼ ያልላክሁልሽ ለፋርማሲስቷ ስላስረከብኳቸው ነው። ካቆምኩበት እቀጥላለሁ እንዳትል፣ ሐኪሟ እንደገና መርምሮ ምናልባት ሌላ ዓይነት መድኃኒት ይሰጣት ይሆናል ብላኛለች። የሚያዝልሽን ያህል ቀን፣ አፍሽ ቢመርም፣ ቢሻልሽም፣ ጎረቤት ቢያለቅስም፣ ለብቻሽ ትጨርሺዋለሽ። ከበድ ያለ ነገር ከተሰማሽ ዝም ብለሽ አታቁሚ፣ ለሐኪሙ ንገሪው። ጨርሰሽ ከወር በኋላ ደግሞ መጥፋቱን ተመርመሪ። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰሽ ግን የእኔን ደብዳቤ አትጠብቂ፣ የዚያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል።

ጋሼን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። እርሳሱ ጆሮው ላይ ነው። ሐኪም ቤት እሱ ራሱ እንዲወስድሽ አደራ ብያለሁ፤ ትራስ ሰፍተሽ እንዳሸወድሽው እስካሁን አልነገርኩትም፣ ግን ደብዳቤው ሲነበብ አጠገብሽ ካለ ያው ሰምቷል። ሚጣዬን ሁለቱንም ጉንጭ ሳሚልኝ፤ ሳትዘል ስላነበበች ጆሮዋን ምሬላታለሁ፣ የመድኃኒትሽም ሹም እሷ ናት፤ ጠዋትና ማታ አፍሽን አስከፍታ ትመልከት። ግቢውን ለምትጠርገው ለአሮጊቷ ጎረቤታችን ረጅም ዕድሜ ብያለሁ፤ ሆዴን ካለችም ወደ ሐኪም ምሪያት እንጂ ካንቺ እሽግ አንዲት ፍሬ እንዳትወጣ። ልብስ ሰፊዋ ወደ አገር ስትመለስ ይህን ደብዳቤ ከእናታችን መሀረብና ከትራሱ ጋር ታደርስልሻለች፤ ዳግመኛ ትራስ ታቅፋ ልትሄድ ነው፣ ምን ታድርግ፣ እድሏ ነው። ስፌቱን እኔው ስለሰፋሁት እያየሽ እንዳትስቂ።

ለአንቺ ያለኝ ደግሞ አንድ ነገር ነው እትዬ። ዕድሜ ልኬን ግማሽ አስቀመጥሽልኝ፤ ዳቦውን፣ እርሳሱን፣ ብርቱካኑን፣ አሁን ደግሞ መዳንሽን። ሁሉንም ተቀብያለሁ፣ ይህችን አንዷን ግን አልቀበልም። ከዚህኛው ለኔ አታስቀሪልኝ። አንዲትም ፍሬ። ሁሉንም ዋጪና ባዶውን የብር ወረቀት በመሀረቡ ጠቅልለሽ ትራሱ ውስጥ ስፊልኝ፤ በሚመጣ ሰው ላኪው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ እግሬ ላይ ስትተኛ ጭንቅላቴን አሳርፍበታለሁ፤ ባዶው ጆሮዬ ሥር ኮሽ ሲል፣ እሷ በልታዋለች፣ እሷ አለችልኝ እያልኩ እተኛለሁ።

ያሳደግሽው ወንድምሽ

ከላውንደሪው ጀርባ፣ ከባለ አንድ መስኮቱ ክፍል
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት ፲፩ ቀን